አማቴና ጄኔሬተሩ

ጄኔሬተራችን ሥራ መሃል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ያለው በክረምት ነው፤ የማለዳው ዳቦ ምድጃ ውስጥ እያለ። ከጉለሌ ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ዳቦ ቤታችን ትንሽ ናት። አንድ የሊጥ ማቡኪያ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ የመሸጫ መስኮት ነው ያላት። የምንኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከዳቦ ቤቷ ጀርባ ነው። መብራት ሲጠፋ ኑሯችን በሙሉ የሚንጠለጠለው ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ በተቀመጠው የናፍጣ ጄኔሬተር ላይ ነው። መብራት ደግሞ በክረምት ይጠፋል፤ በተለይ ከእንጦጦ በኩል ዝናቡና ነፋሱ አብረው ሲመጡ።

በዚያ ጠዋት ሞተሩ ደህና ሲጮህ ቆየና ድምፁ መዋዠቅ ጀመረ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ከዚያ እንደ ማሳል ብሎ ዝም አለ። ምድጃው ጠፋ፤ ማቡኪያው ሊጡን እንደያዘ ቆመ። ጋጋሪያችን እጁን በሽርጡ ጠርጎ አየኝ። እኔ ደግሞ ወደ ጓሮ ዞሬ «አባባ!» ብዬ ተጣራሁ።

አባባ የምላቸው የባለቤቴን አባት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በከባድ መኪና መካኒክነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቤታቸውን ዘግተው እኛ ጋር ገቡ። በገቡ ሳምንትም ጄኔሬተሩን ተረከቡ። ማንም «ይረከቡት» አላላቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ተነስተው ክፍሏን ጠረጉ፣ የሸረሪቱን ድር አወረዱ፣ የቡሎን መፍቻ ቁልፎቻቸውን በግድግዳው ላይ በተርታ ሰቀሉ፤ በቃ፣ የእሳቸው ሆነ።

ከማደያ የመጣ ናፍጣ ወዲያው ወደ ሞተሩ አይገባም፤ በርሜል ውስጥ አድሮ ይጠላል። እሳቸው «ይረፍ» ነው የሚሉት። ካረፈ በኋላ ከላይ ከላዩ ተቀድቶ፣ በጨርቅ ተጣርቶ፣ የሞተሩ ናፍጣ ወደሚጠራቀምበት ሰልባቲዮ ይገባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሰልባቲዮው ሥር ያለችውን ትንሽ ማፍሰሻ ከፍተው ጥቂት ናፍጣ በብርጭቆ ማሰሮ ይቀበላሉ። ማሰሮውን ወደ ብርሃን ያነሱታል። ውሃ ካለ ከታች ይተኛል፣ ናፍጣው ከላይ ይንሳፈፋል።

«ይህን ሞተር ናፍጣ አይገድለውም፣ ልጄ። አብሮት የሚገባው ውሃ ነው የሚገድለው» ይሉኝ ነበር። «በክረምት ሰልባቲዮው ጎዶሎ ሆኖ ካደረ ውስጡ ያልበዋል። ላቡ ውሃ ነው። ውሃው ዝገት ያመጣል፣ ከዚያ እንደ ንፍጥ ያለ ነገር ይበቅልበታል።»

የዚያን ቀን ማፍሰሻውን ሲከፍቱ ማሰሮው እስከ ግማሹ ውሃ ሞላ። ከውሃው በላይ ያ የሚሉት ንፍጥ መሳይ ቡናማ ነገር ይንሳፈፋል። «ማደያው ውሃ ሸጠልን» አሉ ተናደው። ሁላችንም አመንን። ወረፋው ረጅም፣ ናፍጣው የተገኘው በስንት ልመና ነው፤ ማን ያምነዋል? እኔ ግን ያለፈው ቅዳሜ ማሰሮውን ይዘው ወደ ጓሮ ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ሲመለሱም ማሰሮው ደረቅ ነበር። ማፍሰሻውን ሳይከፍቱት ነበር የተመለሱት።

ውሃው ከወጣ በኋላ ቀጥሎ ያለው ሥራ አየር ማስወጣት ነው። ናፍጣ በሚሄድበት ቱቦ ውስጥ አየር ከገባ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ ናፍጣውን የሚያጣራው ፊልትሮ አናት ላይ ያለው ቡሎን ይላላል፤ በእጅ የምትገፋው ትንሽ ፖምፓ ትገፋለች፤ አረፋው እየቀነሰ መጥቶ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ ቡሎኑ ይጠብቃል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ይህን ሥራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ ባትሪ የማበራላቸው እኔ ነበርኩ።

አባባ ቡሎኑን አላሉ። ገፉ። አረፋው ወጣ፣ ቀነሰ፣ ጠራ። ከዚያ መፍቻ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ናፍጣው በጣቶቻቸው መሃል ይፈሳል። መጀመሪያ የሆነ ድምፅ የሚያዳምጡ መስሎኝ ነበር። ቁልፉን ወደ ሌላ ቡሎን ወሰዱት፣ አላመኑትም መሰለኝ መለሱት፣ እንደገና ወሰዱት።

«ብርሃኔን አትከልክይኝ!» ብለው ጮሁብኝ።

ባትሪው የሚያበራው ልክ እሳቸው የሚያዩበት ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ጮኸውብኝ አያውቁም። ዝቅ አልኩና፣ ማዘዝ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ በጥያቄ አደረግኩት።

«አባባ፣ ይቺን ላጥብቃት?»

«አዎ፣ አጥብቂያት» አሉ ቶሎ ብለው። «እኔም እሷን ላጠብቃት ነበር።»

ሞተሩ ተነሳ። ዳቦው ግን ተበላሽቶ ነበር። እሳቸውና እኔ የዚያን ቀን ዓይን ለዓይን አልተያየንም።

እኔንና አባባን ያስተሳሰረን ጋብቻው ብቻ አይደለም። የእኔ ቤተሰብ ጉለሌ ውስጥ ብዙ የኖረ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው፤ የባለቤቴ ቤተሰብ ደግሞ ጴንጤ ነው። ልንጋባ ነው ስንል እናቴ አልጋ ላይ ወደቀች። ያኔ ሽማግሌ ከመላክ በፊት አባባ ብቻቸውን እናቴ ዘንድ መጡ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና «ልጄ ልጅዎን ወዷታል። እምነቷን ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም አይነካባትም» አሏት። ቃላቸውን ጠበቁ። እሳቸው በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው እያገለገሉ፣ ዓርብ ዓርብ የጾም ወጥ መኖሩን የሚጠይቁት ባለቤቴ ሳይሆን እሳቸው ነበሩ። ሌላው የቤቱ ዘመድ እንደ እንግዳ ሲያየኝ እሳቸው «ልጄ» አሉኝ። ስለዚህ ያን ቀን ያየሁትን ባላየሁት በወደድኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በጥያቄ ሆነ። «አባባ፣ ናፍጣው አርፏል አይደል?» «አባባ፣ ማፍሰሻውን ዘግተነዋል?» እኔ እንደ ተማሪ የምጠይቅ፣ እሳቸውም የሚያስተምሩኝ አስመስለን ቀጠልን። ሌሎች ነገሮች ግን በጥያቄ የሚሸፈኑ አልነበሩም። የውሃውን ማሰሮ ከነናፍጣው ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት። ጀሪካን ይዘው ወጥተው ባዶውን ይዘው ይመለሱና «ናፍጣ የለም» ይላሉ፤ ጎረቤታችን ደግሞ ከዚያው ማደያ ቀድቶ ይመጣል። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመው፣ በጎች እየተነዱ ወደ ሸጎሌ ገበያ ሲያልፉ እያዩ፣ «ዛሬ ቀኑ ምንድነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዳቦ ለአንድ ሰው ሸጬ ሳልጨርስ ደግመው ጠየቁኝ።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ከተማ መሃል፣ መድኃኒት በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ በጠዋት ወጥቶ የሚገባው ሲመሽ ነው።

«አባትህ የሆነ ነገር ሆነዋል» አልኩት።

«ምን ሆነ?»

«የሚያውቁት ሥራ ይጠፋባቸዋል።»

ሳቀ። «እኔስ የቤት ቁልፍ ስንቴ ነው የሚጠፋብኝ?»

«እንደሱ አይደለም። አየር ሲያስወጡ ቀጥሎ ያለውን አጡት። ቆመው ቀሩ።»

«ደክሞት ይሆናላ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እኮ ደህና አይተኛም።» ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ቆይ፣ እ... ማለቴ፣ ምን ላድርግ ነው የምትይው? ያን ሥራ ልቀማው? ያ ከተወሰደበት ምን ይቀረዋል? እስቲ ንገሪኝ።»

ሌላ ቀንም ደግሜ ደጋግሜ አነሳሁበት፤ በመጨረሻ «የአባቴን ማርጀት በየቀኑ አትንገሪኝ» አለኝና ፊቱን አዞረ። እሱ በቤት የሚያያቸው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አባባ ደህና ናቸው። ታጥበው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማንም ሰው ምንም አያገኝባቸውም። ጸሎት ሲያደርጉ ቃል አይስቱም።

በበዓል ዋዜማ ዳቦ ቤታችን የሰፈሩ ሁሉ ነው። ሴቶቹ ድፏቸውን በየመጥበሻው ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ እንጋግርላቸዋለን። የዚያን ዓመት ዋዜማ መጥበሻዎቹ ከመደርደሪያው አልፈው ወለሉ ላይ ተደርድረው ነበር። አባባ በጠዋት ተነስተው አዲስ ፊልትሮ ገጥመዋል። እኔ መስኮቱ ላይ ስለነበርኩ ባትሪ አላበራሁላቸውም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው «ጨርሻለሁ። አሁን ቢጠፋም አያሳስብሽ» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር። ብቻቸውን በመጨረሳቸው እኔም ደስ አለኝ።

መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ በአንዴ ተነሳና ሴቶቹ እልል አሉ። ጥቂት ቆይቶ ጋጋሪያችን አፍንጫውን ነፋ አደረገ።

«የሆነ ነገር ይሸታል። ዳቦ አይደለም» አለ።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ክፍሏ ነጭ ጭስ ሞልታለች። ከፊልትሮው አናት ናፍጣ እንደ ክር ቀጥኖ ይረጫል፤ የሚያርፈው የጋለው የጭስ ማውጫ ቱቦ ላይ ነው። አባባ ጭሱ መሃል ቆመው በጨርቅና በባዶ እጃቸው ሊያፍኑት ይታገላሉ።

«አባባ ይውጡ!»

«ሊፈስ ነው! ልቀቂኝ፣ ሊፈስብን ነው!»

የማቆሚያውን ዘንግ ሳብኩት። ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ ረዘመብኝ። ጃኬታቸውን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኳቸው፤ አማቴን እንደዚያ ይዤ የምጎትትበት ቀን ይመጣል ብሎ ማን ነግሮኝ። ጋጋሪያችን ከግንባታ የተረፈውን አሸዋ በባልዲ እየዛቀ ቱቦው ላይና ወለሉ ላይ በተነው። እሳት አልተነሳም። የአባባ መዳፍ ግን ቱቦውን ነክቶ ተልጦ ነበር።

ሴቶቹ መጥበሻቸውን እየያዙ ወደ ሌላ ዳቦ ቤት ሄዱ። አንዷ ጎረቤታችን የአባባን እጅ በቀዝቃዛ ውሃ እያጠበች «እንኳን ተረፋችሁ፣ ዳቦው የትም ይጋገራል» አለችን። ግቢው ሲረጋጋ ፊልትሮውን ፈታሁት። ፊልትሮ አናቱ ላይ ናፍጣ እንዳያፈስ የሚያደርግ ክብ ጎማ አለው፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ጎማ አብሮ መውጣት አለበት። አሮጌው መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከነጎማው በላዩ ታስሮበታል። ሁለት ጎማ ስለተደራረበ አልያዘም።

አባባ በተጠቀለለው እጃቸው ሊነኩት ሞከሩና ተዉት። «ይሄን ማን አስገባው?» አሉኝ።

«አሮጌው ተጣብቆ ቀርቶ ነው፣ አባባ።»

«እኔ እኮ ሁሌም በጣቴ ዳብሼ ነው የማየው። ሁሌም። ሳልዳብስ ገጥሜ አላውቅም።» በርሜሉ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሱሪያቸው በናፍጣ ርሷል። «ዳብሼዋለሁ አይደል?» አሉኝ። እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ባለቤቴ ሲመጣ የአባቱን እጅ አየ፣ ክፍሏን ከፈተ፣ መደርደሪያው ላይ ያኖርኳቸውን ሁለት ጎማዎች አነሳ። ልጅ ሆኖ አባቱ ጋራዥ ውስጥ ዕቃ ሲያጥብ ስላደገ የሚያስረዳው ሰው አልፈለገም።

«ሁለት?» አለ።

ከበዓሉ በኋላ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ አጠገባቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ «ቀን የጌታ ነው» ብለው በፈገግታ አለፉት። ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠይቃቸው ግን ቀና አሉ። ናፍጣ ከሰልባቲዮ ተነስቶ በየት በየት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚጣራ፣ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚሆን፣ አየር እንዴት እንደሚወጣ አንድም ሳይዘሉ ነገሯት። ባለቤቴ ክርኔን ነካ አደረገኝ። ፊቱ በርቷል። ታየኝ፤ በልቡ «አላልኩሽም?» እያለኝ ነበር።

ሐኪሟ አመሰገነቻቸውና ስለ እንቅልፋቸው ጠየቀች። አባባ እንደገና ቀና አሉ። «ናፍጣ ማለት» ብለው ጀመሩ። ከሰልባቲዮው ተነስተው፣ በዚያው ቃል፣ እጃቸውን በዚያው ቦታ እያነሱ፣ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ሐኪሟ አላቋረጠቻቸውም። ባለቤቴ እጁን ከክርኔ ላይ አነሳና መሬት መሬቱን አየ።

ሐኪሟ እኛን ለብቻችን የነገረችን ብዙ አይደለም። የመርሳት በሽታ ነው፤ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የሄደውን የሚመልስ መድኃኒት የለም። እሳትና ማሽን አጠገብ ብቻቸውን አይሁኑ። ውጭ ስንወጣ አባባ ርቧቸው ነበር። ከመድኃኒት ቤቶቹ መካከል አንዲት ካፌ ገባን፤ እሳቸው ኬካቸውን በደስታ በሉ። ባለቤቴ ሻዩን እያማሰለ እያማሰለ ሳይጠጣው ተነሳ።

በማግስቱ ተንጠልጣይ ቁልፍ ገዝቶ የጄኔሬተሩን ክፍል በር ቆለፈና ሥራ ሄደ። መክፈቻው እኔ ጋ ቀረ። አባባ ረፋድ ላይ ሄደው በሩን ተቆልፎ አገኙት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሌባ እንዳይገባ ብለን ነው፣ አባባ» አልኩ። የመጣልኝ እሱ ነው።

ቁልፉን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ከዚህ ቤት ሰው ውጭ የሚገባበት የለም። እኔ ነኝ ሌባው?»

«ኧረ በፍጹም! እንዴት እንዲህ ይላሉ?»

«ናፍጣ ሰረቀ ብለሽ ነው የቆለፍሽብኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገራችን ተበላሸ። ያቀረብኩላቸውን ምግብ አይበሉም፤ ወደ ዳቦ ቤቱ ገብተው ከጋጋሪው እጅ ትኩስ ዳቦ ተቀብለው ቆመው ይበላሉ። ልጃቸውን አይቀየሙም፤ ቆላፊዋ እኔ ነኝ። ሌላውን ሁሉ እየረሱ ይህን አልረሱም። ለደንበኛ፣ ለጎረቤት፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው «ምራቴ ዕቃዬን ቆለፈችብኝ» ይላሉ። አንዳንዱ ሰው ዳቦ ሲገዛ ፊቴን በሌላ ዓይን ማየት ጀመረ። ለእናቴ ነግሬያት «ቻይው፣ እሳቸው እኮ አንቺን ችለውሻል» አለችኝ። ሌላ ምን ትበለኝ?

ጄኔሬተሩን የምይዘው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ለጸሎት ሲወጡ ጠብቄ እገባለሁ፤ በርሜሉን አያለሁ፤ ማፍሰሻውን ከፍቼ ማሰሮውን ወደ ብርሃን አነሳለሁ። ፊልትሮውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስቀይር መቀመጫውን በጣቴ ዞሬ ዞሬ ዳበስኩት፤ አሮጌው ጎማ እጄ ላይ እያለ እንኳ አላመንኩም፣ ደግሜ ዳበስኩ። ሞተሩ ሲነሳ የማለቅስ መስሎኝ አልነበረም። ቆሜ አለቀስኩና ፊቴን አጥቤ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አባባ እኔን ከሰውኝ ነው የመጡት። ሳሎን ተቀመጥን፤ አባባ መሃል፣ ባለቤቴ አጠገባቸው፣ እኔ በሩ አጠገብ። ከጸለዩ በኋላ ትልቁ ሽማግሌ በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

«እህታችን፣ እንዳትከፊ። ወንድማችን ያዘኑበት ነገር አለ። ሲሠሩበት የኖሩትን ዕቃ ተቆልፎብኛል ይላሉ። እንደው በቤት ውስጥ የሆነ ቅሬታ ካለ...»

ምን ልመልስ? ታመዋል ብዬ በፊታቸው፣ በወንድሞቻቸው ፊት፣ ያውም ከሌላ ቤት የመጣሁት እኔ? ነጠላዬን እያፍተለተልኩ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ጥፋተኛ እንዳስመሰለኝ ገብቶኛል። ባለቤቴን አየሁት። እሱ ምንጣፉን ያያል። ሽማግሌው «እህታችን?» አሉኝ ደግመው።

«እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አለ ባለቤቴ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ቁልፉን የገዛሁት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላደረገችም። አባቴ...» ወደ አባቱ ሳይዞር ቀጠለ። «አባቴ ታሟል። የመርሳት በሽታ ነው። ቤቱ ሊቃጠል ነበር፤ እሱም አብሮ ሊቃጠል ነበር። እሷ ናት ጎትታ ያወጣችው። ከመጀመሪያው ነግራኝ አልሰማኋትም።»

ከመንገዱ የታክሲ ረዳት ጥሪ ብቻ ይሰማል። አባባ ልጃቸውን አላዩም። ዞረው ያዩት እኔን ነው፤ ለብዙ ጊዜ ቀጥ ብለው አይተውኝ አያውቁም ነበር።

«እውነቱን ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ያልተቆጣ፣ እንዲያው የሚጠይቅ ድምፅ ነበር። «አንጀቴ አልችል ብሎኝ ነው፣ አባባ» አልኳቸው። እሳቸው የተላጠውን መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት፤ ጠባሳው ድኖ ሮዝ ሆኗል። «ይሄም ከዚያ ነዋ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው እጃቸውን ጫኑባቸውና ጸለዩ። አባባ በጸሎቱ መሃል አለቀሱ፤ የባለቤታቸው ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ትልቁ በሩ ላይ ቆመው «ይቅርታ አድርጊልን፣ እህቴ» አሉኝ።

በነጋታው አባባ በጠዋት ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ። የቁልፉን መንጓጓት ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸውን።

«ማነው ይሄን የቆለፈብኝ?»

የትናንቱ ሁሉ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ፣ ልቅሶው፣ «ለምን አልነገርሽኝም» ያሉኝ፣ አንዱም አልቀረም። ቁልፉና ቆላፊዋ ግን አሉ።

ለባለቤቴ «እንንገራቸው እንዴ እንደገና?» አልኩት።

«በየቀኑ? በየቀኑ እንደ አዲስ ሊሰማው?» አለ። «እኔ አልችልም። እሱም አይችልም።»

ስለዚህ አልነገርናቸውም። ይህ ማለት በአብዛኛው ቀን እኔ ዕቃቸውን የቆለፍኩ ምራት ነኝ ማለት ነው። ትልቋ ልጃቸው ከአዳማ መጥታ «ትንሽ እረፉ» ብላን ወስዳቸው ነበር። እዚያ ከቤት እየወጡ ዳቦ ቤታችንን ሲፈልጉ ሰው መንገድ ላይ እያገኘ ይመልሳቸዋል፤ ፈርታ መልሳ አመጣቻቸው። ግቢው በር ላይ ከታክሲ ሲወርዱ ጃኬታቸው ሰፍቷቸው ነበር። በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የሄዱት።

አሁን አንድ ነገር ለውጠናል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ባለቤቴ ግማሽ ቀኑን ከሥራ አስፈቅዶ ቤት እያለ፣ በሩን ከፍቼ አባባን አብሬ አስገባለሁ። እኔ እሠራለሁ፣ እሳቸው ማሰሮውን ይይዛሉ። ደህና ቀን ሲሆን ውሃውን ከእኔ ቀድመው ያዩታል። አንዳንድ ቀን «ይህን ሥራ ማን አስተማረሽ?» ይሉኛል። «እርስዎ ነዎታ፣ አባባ» ስላቸው በደንብ ያዩኝና «እኔ? እንጃ፣ አላስታውስም። ግን ደህና አስተምሬሻለሁ» ይላሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ መፍቻውን ከእጄ ነጥቀው አይመልሱም፤ ባለቤቴ መጥቶ እስኪያባብላቸው ድረስ ሥራው ይቆማል።

ያለፈው ቅዳሜ ጨርሶ አልገባም አሉ። ግቢው በር ላይ ቆመው ለአንዲት ጎረቤታችን «ማሽኔን እያበላሸችው ነው፣ ስሚያት እስቲ» ሲሉ እሰማለሁ። ሴትየዋ በቆርቆሮው ክፍተት አየችኝ። እኔ ቡሎኖቹን ጠረግኩ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ እጄን ታጠብኩ። ምሳ ግን በሉ፤ ባለቤቴ እያጎረሳቸው።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩን አስነሳሁትና ወደ ዳቦ ቤቱ ስመለስ በሳሎኑ በር አለፍኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

«ማነው ያስነሳው?» አሉ አባባ።

«ልጅህ ናት፣ አባዬ» አላቸው ባለቤቴ።

«የትኛዋ?»

ምን እንደመለሰላቸው ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ አልሰማሁም። ምድጃው ግሎ ነበርና ወደ ውስጥ ገባሁ።